ነጭ ጋዝ በሞተር ውስጥ፦ የዴልሂ ከተማ የጉዳይ ጥናት

ነጭ ጋዝ፣ በሌላ አጠራሩ ላምባ፣ ለምድጃና ለኩራዝ ተብሎ የሚሸጥ ነዳጅ ነው። ሆኖም ዋጋው ከናፍጣና ከቤንዚን ዝቅ ብሎ በሚሸጥባቸው አገሮች ከሚከፋፈለው ነጭ ጋዝ ቀላል የማይባለው ክፍል ምድጃው ዘንድ ሳይደርስ በተሽከርካሪ ሞተር ውስጥ ያልቃል። ይህ ለምን እንደሚሆን፣ ሞተሩንና የከተማውን አየር ምን እንደሚያደርግ፣ ለማስቆም የተሞከሩት መንገዶችም እስከ ምን እንዳዋጡ በአንድ ቦታ አሟልቶ ለመመርመር የህንድ ዋና ከተማ ዴልሂ ከ1998 እስከ 2014 ያሳለፈችው ጊዜ የተሻለው ምሳሌ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በእነዚያ ዓመታት በዴልሂና በመላ ህንድ ማቅለሚያ፣ ምልክት ሰጪ ኬሚካል፣ ድንገተኛ ፍተሻ፣ የወንጀል ክስ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ በሌላ ነዳጅ መተካትና የዋጋ ማስተካከያ ሁሉም በየተራ ተሞክረዋል።

ሁለት ዋጋ የተለጠፈበት ነዳጅ

በህንድ ነጭ ጋዝ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት የራሽን ሱቆች በካርድ ሲከፋፈል የኖረ ሸቀጥ ነው። የሐሳቡ መነሻ ቅን ነበር፤ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰላት፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ለማስገባትም አቅም የሌላት እናት እራት የምታበስልበትንና ልጆቿ የሚያጠኑበትን ብርሃን በምትችለው ዋጋ እንድታገኝ ታስቦ ነው። ለዚህም ሲባል በራሽን የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ዋጋ ከ2002 እስከ 2010 አጋማሽ ድረስ በዴልሂ በሊትር ከ9 ሩፒ ብዙም ሳይርቅ እንዲቆይ ተደረገ። በዚሁ ጊዜ ግን የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር የናፍጣና የቤንዚን ዋጋ እየተከተለ ወጣ፤ በ2008 አጋማሽ አንድ ሊትር ናፍጣ ከ30 ሩፒ በላይ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ከ45 ሩፒ በላይ ይሸጥ ነበር።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያጓጓ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ከጫነው ናፍጣ ውስጥ 1,500 ሊትሩ ወጥቶ በምትኩ ነጭ ጋዝ ቢገባበት፣ ነጭ ጋዙ ከራሽን ሱቅ በስውር በእጥፍ ዋጋ፣ ማለትም በ18 ሩፒ ተገዝቶ እንኳ፣ ከአንድ ጉዞ ቢያንስ 18,000 ሩፒ ትርፍ ይገኛል። ትርፉ ለራሽን ሱቁ ባለቤት፣ ለቦቴው ሾፌር፣ ለማደያው ሥራ አስኪያጅና አይቶ እንዳላየ ለሚያልፈው ተቆጣጣሪ ተከፋፍሎ እንኳ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ጥቂት አይደለም። የህንድ ብሔራዊ የተግባራዊ ኢኮኖሚ ጥናት ምክር ቤት በ2005 ባቀረበው ጥናት በራሽን ከሚከፋፈለው ነጭ ጋዝ ከሲሶው በላይ ከታሰበለት ቤተሰብ እጅ ሳይደርስ ወደ ሌላ መንገድ እንደሚሄድ ገምቷል። ስለዚህ ድጎማው በበጀት ሰነድ ላይ የድሃ ድጎማ ቢባልም፣ ከፊሉ ነዳጅ ለሚያደባልቁ ሰዎች የሚከፈል ገንዘብ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ በራሽን ሱቁ በር ላይ ጀሪካኗን ይዛ ተሰልፋ «አልቋል» ተብላ የምትመለሰው ሴት ናት፤ የተሰረቀው በቅድሚያ የእርሷ ነውና።

በሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

ነጭ ጋዝ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅና ከናፍጣ ጋር ሲደባለቅ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ዓይነት ስላልሆነ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቤንዚን ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ የሚተን ቀላል ነዳጅ ሲሆን ነጭ ጋዝ ግን በአብዛኛው መትነን የሚጀምረው ወደ 150 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በመሆኑም በካርቡሬተር በኩል ከአየር ጋር ተደባልቆ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ነጭ ጋዙ በሙሉ ወደ እንፋሎት አይለወጥም፤ ከፊሉ በጠብታ መልክ እንዳለ ይገባል። ጠብታው የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሰውን ዘይት ያጥበዋል፤ የሞተር ዘይቱ ከነዳጁ ተለይቶ በሚቀመጥበት በባለ አራት ምት ሞተር ደግሞ በፒስተኑ ቀለበቶች ዳር ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ዘይቱን ያቀጥነዋል። የነጭ ጋዝ የኦክቴን ቁጥር፣ ማለትም ያለ ብልጭታ በራሱ እንዳይቀጣጠል የመቋቋም ልኩ፣ ከቤንዚን እጅግ ያነሰ ስለሆነም ድብልቁ ካንዴላው ብልጭታ ከሰጠ በኋላ ነበልባሉ እስኪደርስበት ሳይጠብቅ በሙቀትና በግፊት ብቻ በየቦታው ይቀጣጠላል። ሾፌሩ ዳገት ላይ የሚሰማው የብረት መንኳኳት ድምፅ ይኸው ነው፤ ሲደጋገምም ፒስተኑን እስከ መብሳት ይደርሳል። ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ ካንዴላውን በጥላሸት ይሸፍናል፣ ቀሪው በማርሚታው በኩል ጭስ ሆኖ ይወጣል።

በዴልሂ ጎዳናዎች ይህ ጉዳት በጉልህ የታየው በባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች፣ እኛ ባጃጅ በምንላቸው ላይ ነበር። በ1990ዎቹ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላቸው ነበሩ። በዚህ ዓይነት ሞተር የማለስለሻ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር አብሮ ስለሚቃጠል፣ ቤንዚኑ የተበረዘ መሆኑን የሚጠረጥር ሾፌር ሞተሬን ያድንልኛል በሚል እምነት ከተፈቀደው መጠን በላይ፣ ያውም በልቅ የሚሸጥ ርካሽ ዘይት ይጨምርበታል። ነጭ ጋዙም ትርፍ ዘይቱም በአግባቡ ስለማይቃጠሉ ከተማዋን የሸፈነው ሰማያዊ ጭስ ከሁለቱም የመጣ ነበር። ሾፌሩን ባላዋቂነት መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ተሽከርካሪውን በቀን ኪራይ ይዞ የሚሠራ፣ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስረክበው ገንዘብ የተቆረጠ፣ ሞተሩ ሲበላሽ የጥገና ወጪው የእርሱ ያልሆነ ሰው በነዳጅ ላይ የሚያድናት ጥቂት ሩፒ የልጆቹ እራት ናት።

ናፍጣ ላይ ነገሩ የበለጠ ስውር ነው። ነጭ ጋዝና ናፍጣ ከድፍድፍ ነዳጅ ሲጣሩ ጎን ለጎን የሚወጡ የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ የናፍጣ ሞተር ነጭ ጋዝ የተደባለቀበትን ነዳጅ ያለ ብዙ ቅሬታ ያቃጥለዋል። ሾፌሩ ምናልባት አቅሙ ትንሽ እንደቀነሰና ነዳጁ ቶሎ ቶሎ እንዳለቀ ያስተውል ይሆናል፤ ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ስለሚቀል በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ኃይል በጥቂት በመቶ ያንሳልና። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ በነዳጅ ፖምፓው ላይ ነው። ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ፣ ቀጭኑና ማለስለስ የማይችለው ነጭ ጋዝ ክፍሎቹን እርስ በርስ ያፋጫቸዋል። ሌላው ነገር ድኝ ነው። ዴልሂ በ2001 የናፍጣዋን የድኝ መጠን ወደ 0.05 በመቶ ባወረደችበት ወቅት ለምድጃ ተብሎ በሚሸጠው ነጭ ጋዝ ውስጥ የተፈቀደው መጠን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። በብዙ ወጪ የተጣራው ናፍጣ ማደያ ከመድረሱ በፊት መልሶ ይቆሽሻል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይገባል። ነጭ ጋዝ በራሱ የሞተር ጠላት አይደለም። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 እስከ 1956 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፈርጉሰን ቲኢ 20 ትራክተር ከ1949 ጀምሮ ከነጭ ጋዝ ጋር በሚቀራረብ የትራክተር ነዳጅ የሚሠራ ዓይነት ነበረው፤ ነዳጁ ከቤንዚን ቀረጥ ነፃ ስለነበረ ገበሬው በርካሽ ያርስበት ነበር። ነገር ግን ያ ሞተር ለዚያው ነዳጅ ተብሎ የተሠራ ነው። ድብልቁ በራሱ እንዳይቀጣጠል የሲሊንደሩ የመጨመቅ መጠን ዝቅ ተደርጓል፤ ነዳጁ በደንብ እንዲተን አየር ማስገቢያው በጭስ ማውጫው ሙቀት እንዲሞቅ ተደርጓል፤ ትራክተሩ በትንሿ ጋን በያዘው ቤንዚን ይነሳና ሲሞቅ ብቻ ወደ ነጭ ጋዙ ይዞራል፤ የሞተር ዘይቱም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ገበሬው የሚሞላውን ያውቃል፤ ሻጩም ስሙን ጠርቶ ይሸጥለታል። የዴልሂው ባጃጅና አውቶቡስ ግን ለሌላ ነዳጅ ተሠርተው፣ ባለቤታቸው ሳያውቅ ወይም አማራጭ ሳይኖረው፣ በማያውቁት ነዳጅ እንዲሠሩ የተደረጉ ናቸው።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደዚህ ጉዳይ የገባው በነጭ ጋዝ በኩል ሳይሆን በአየር ብክለት በኩል ነው። ኤም. ሲ. መህታ የተባሉት የሕግ ባለሙያ በ1985 የዴልሂ አየር የዜጎችን በሕይወት የመኖር መብት እየነካ ነው ብለው ያቀረቡት የሕዝብ ጥቅም ክስ ዓመታት ከፈጀ በኋላ፣ በ1998 መጀመሪያ በቡሬ ላል የሚመራ የአካባቢ ብክለት መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ፍርድ ቤቱም የባለሥልጣኑን ምክር ተቀብሎ ጁላይ 28 ቀን 1998 ዝርዝር ትዕዛዝ ሰጠ። በትዕዛዙ መሠረት ለባለ ሁለት ምት ሞተር የሚሆን ዘይት በልቅ መሸጡ በዚያው ዓመት ማብቂያ እንዲቆምና ማደያዎች ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በተገቢው መጠን ደባልቀው እንዲሸጡ፣ ከ1990 በፊት የተመረቱ ባጃጆችና ታክሲዎች በንጹሕ ነዳጅ በሚሠሩ አዳዲስ ተሽከርካሪዎች እንዲተኩ፣ የተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሸጡ ማደያዎች ከ9 ወደ 80 እንዲያድጉ፣ የከተማው አውቶቡሶችም እስከ ማርች 31 ቀን 2001 ድረስ በሙሉ ወደዚሁ ጋዝ እንዲዞሩ ታዘዘ።

ለምን የተፈጥሮ ጋዝ? በወቅቱ የነበረው ክርክር የጦፈ ነበር። በ2001 በሳይንቲስቱ አር. ኤ. ማሼልካር ሰብሳቢነት የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚቴ፣ መንግሥት የልቀት መጠንን ይደንግግ እንጂ የነዳጁን ዓይነት አይምረጥ፣ ናፍጣም ከተጣራ ይበቃል የሚል አቋም ያዘ። በመርህ ደረጃ የኮሚቴው ሐሳብ ትክክል ነው፤ በአውሮፓ ከተሞችም የተሠራበት እንደዚሁ ነበር። ጋዙን የደገፉት ወገኖች፣ በተለይም በአኒል አግራዋልና በሱኒታ ናራይን የሚመራው የሳይንስና አካባቢ ማዕከል፣ ያነሡት መከራከሪያ ግን ከዴልሂ እውነታ የተነሣ ነበር፦ ንጹሕ ናፍጣ ከማጣሪያው ቢወጣም ማደያው ሲደርስ ንጹሕ ስለ መሆኑ ማንም ዋስትና መስጠት አይችልም። ማዕከሉ በ2002 ባወጣው ምርመራ የነዳጅ ጥራት መፈተሻው ሥርዓት ራሱ የተደባለቀውን ነዳጅ ለመያዝ እንደማይበቃ አሳየ፤ ነጭ ጋዙ በጥቂቱ ሲጨመር ናፍጣው በደረጃው ላይ የተቀመጡትን መለኪያዎች ሁሉ ያልፋልና። የተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ግን 200 ባር በሚደርስ ግፊት በብረት ሲሊንደር ውስጥ የሚታሸግ ስለሆነ ማንም ጀሪካን ይዞ ሄዶ የሚጨምርበት ነገር የለም። እኔ በዚህ ክርክር ከማዕከሉ ጎን ነኝ። በወረቀት ላይ ንጹሕ የሆነ ነዳጅ ሳይሆን በቧንቧው ጫፍ ላይ ንጹሕ ሆኖ የሚደርሰው ነው መመረጥ ያለበት፤ የመቆጣጠር አቅሙ በሳሳ አገር ደግሞ ይህ ነጥብ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

አፈጻጸሙ ግን ብዙ ሰው አንገላቷል። የከተማውና የማዕከላዊው መንግሥት ሦስት ዓመት ሙሉ ሲወዛገቡ ቆይተው ቀነ ገደቡ ሲደርስ ዝግጁ የነበሩት አውቶቡሶች ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በኤፕሪል 2001 ተሳፋሪዎች በየፌርማታው ቀሩ፤ ፍርድ ቤቱም ጋዝ የሚጠቀም አውቶቡስ ላዘዙ ባለንብረቶች ጊዜ እየጨመረ ለመሄድ ተገደደ። ጋዙን ለማከፋፈል በ1998 ማብቂያ የተቋቋመው ኢንድራፕራስታ ጋዝ የተባለው ኩባንያ ማደያዎቹን በተፈለገው ፍጥነት ሊያደርስ ስላልቻለ፣ ደርሰው በነበሩትም ብዙዎቹ ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለነበረ፣ የባጃጅ ሾፌሮች አንድ ሲሊንደር ለመሙላት ለረጅም ሰዓታት፣ ሌሊቱን ጭምር ሲሰለፉ ከረሙ። በሰልፍ ያለፈው ሰዓት የሚሠሩበት ሰዓት ነበር፤ የቀን ኪራዩ ግን አልቀነሰላቸውም። በመጨረሻ ኤፕሪል 5 ቀን 2002 ፍርድ ቤቱ ሌላ ማራዘሚያ እንደማይኖር ገልጾ በናፍጣ በሚሠራ በእያንዳንዱ የከተማ አውቶቡስ ላይ በቀን 500 ሩፒ፣ ከ30 ቀን በኋላም 1,000 ሩፒ ቅጣት ጣለ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የናፍጣ አውቶቡሶች ከከተማው ውስጥ አገልግሎት ወጡ።

ጋዙ የፈታውና ያልፈታው

ወደ ጋዝ በዞሩት ተሽከርካሪዎች ላይ ነጭ ጋዝን የመቀላቀል ጉዳይ አበቃ። ይህ በምንም መመዘኛ ትልቅ ውጤት ነው፤ ሾፌሮቹም፣ ሰልፉ ከቀለለ በኋላ፣ ከቤንዚን በረከሰ ነዳጅ መሥራት ቻሉ። የተፈጥሮ ጋዙ ዋና ክፍል የሆነው የሚቴን የኦክቴን ቁጥር ከ120 በላይ ስለሆነ ሞተሩ አይንኳኳም፤ ካንዴላውም በጥላሸት አይሸፈንም።

ነገር ግን ብዙ ነባር ባጃጆች ባለ ሁለት ምት ሞተራቸውን እንደያዙ ወደ ጋዝ የተዛወሩ ነበሩ፤ የዚህ መዘዝ ዘግይቶ ተገለጠ። ባለ ሁለት ምት ሞተር አዲሱ ድብልቅ ሲገባና ያረጀው ሲወጣ በሮቹ ለአፍታ በአንድነት ክፍት ስለሚሆኑ ጋዙ ሳይቃጠል ያመልጣል። የፒስተን ቀለበቶቹ ሲያረጁም ዘይቱ ሰርጎ ይገባና ነጭ ጭስ ይሆናል። የካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት በእነዚህ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ውስጥ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጋዝ በአግባቡ ሳይቃጠል እንደሚወጣ አመልክተዋል። ነዳጁ ተለወጠ፤ ሞተሩ ግን አብሮ አልተለወጠም። ለፈርጉሰኑ ትራክተር ከነዳጁ ጋር የሚስማማ ሞተር እንደተሠራለት ሁሉ፣ እዚህም ነዳጁንና ባለ አራት ምቱን ሞተር በአንድነት ማዘዝ ይገባ ነበር።

ፍርድ ቤቱ በ1997 የባጃጆች ቁጥር ከነበረው እንዳያልፍ አግዶ ስለነበረም የነባሩ ፈቃድ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ተሽከርካሪውን በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከባንክ ማግኘት ያልቻለው ሾፌር ደግሞ ወደ አራጣ አበዳሪዎች ሄደ። በራሱ ባጃጅ ሲሠራ የነበረ ሰው በዚህ መንገድ የሌላ ሰው ተከራይ ሆኖ ቀረ። የነዳጅ ለውጡን ወጪ ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ በትዕዛዙ ውስጥ መልስ አልተሰጠውም ነበር፤ ይህ የጉዳዩ ትልቁ ጉድለት ነው ብዬ አስባለሁ።

ከዚህም ሌላ የግል መኪኖች፣ ሞተር ብስክሌቶችና የጭነት መኪኖች በቤንዚንና በናፍጣ መሥራታቸውን ቀጠሉ። የዋጋው ልዩነት እንዳለ ስለነበረ ነጭ ጋዙም ወደ እነርሱ መፍሰሱን ቀጠለ።

ቀለሙ፣ ምልክቱና ሁለት የተከፈሉ ሕይወቶች

የራሽን ነጭ ጋዝ እንዲለይ ሰማያዊ ቀለም ይቀባ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በጥቂቱ ሲደባለቅ ቀለሙ በዓይን የማይለይ እስኪሆን ይደበዝዛል፣ በርካሽ በሚገኝ ማጣሪያ አፈር ማስወገድም ይቻላል። ሸማቹ በማደያው የማጣሪያ ወረቀት ጠይቆ አንድ ጠብታ ቤንዚን ሊያንጠባጥብበት መብት ነበረው፤ ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ወረቀቱን ያለ እድፍ ይተወዋል፣ ብዙ ነጭ ጋዝ ካለበት ግን እድፉ ይቀራል። ይህ ፈተና በእጅጉ የተበረዘውን እንጂ በልኩ የተደባለቀውን አይዝም፤ ደባላቂዎቹ ደግሞ ልኩን ጠንቅቀው ያውቁታል። በኦክቶበር 2006 መንግሥት በመላ አገሪቱ በነጭ ጋዝ ላይ የሚጨመር፣ በቤንዚንና በናፍጣ ውስጥ ሲገኝ በቀላል መመርመሪያ ቀለም የሚያወጣ ምልክት ሰጪ ኬሚካል አስጀመረ። ይህም ሊወገድ እንደሚችል ስለታወቀ ከሁለት ዓመት ብዙም ሳያልፍ ተቋረጠ።

በመካከሉ ቁጥጥሩን በእውነት የሠሩ ሰዎች ሕይወታቸውን ከፈሉ። ማንጁናት ሻንሙጋም የ27 ዓመት ወጣት፣ ኢንድያን ኦይል የተባለው የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ የሽያጭ ባለሙያ ነበር። በኡታር ፕራዴሽ ግዛት ላኪምፑር ኬሪ አውራጃ የተበረዘ ነዳጅ ይሸጥ የነበረን አንድ ማደያ አሸገ፤ ማደያው ዳግም ሥራ ከጀመረ በኋላም ለድንገተኛ ፍተሻ ተመልሶ ሄደ። በኖቬምበር 2005 በጥይት ተገደለ። በግድያው የተፈረደባቸው ሰዎች የዕድሜ ልክ እስራት በ2015 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጸንቷል። ሁለተኛው በማሃራሽትራ ግዛት የማሌጋኦን ተጨማሪ አስተዳዳሪ የነበሩት ያሽዋንት ሶናዋኔ ናቸው። ጃንዋሪ 25 ቀን 2011 ትልቅ የነዳጅ ማከማቻ ባለበት በማንማድ አቅራቢያ ሲያልፉ ከቦቴ ላይ ነዳጅ ሲቀዳ አይተው ሊያስቆሙ ወረዱ፤ በቀን ብርሃን በራሱ በነዳጁ ተቃጥለው ሞቱ። የግዛቱ የመንግሥት ሠራተኞች በቁጣ ሥራ አቆሙ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች የማነሣው ለስሜት ማነቃቂያ አይደለም። በነዳጅ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር የሚያርፈው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው፤ ያ ሰው በሌላው ወገን የሚያገኘው በየቀኑ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሩፒ የሚያገላብጥ ሰንሰለት ነው። የዋጋው ልዩነት ባለበት ቦታ ሐቀኛ ተቆጣጣሪ መመደብ ብቻውን ተቆጣጣሪውን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

የዋጋው ልዩነት የተዘጋበት ቅደም ተከተል

በመጨረሻ ነጭ ጋዙን ከሞተር ያወጣው የዋጋው መቀራረብ ነው፤ አስተማሪው ደግሞ የተዘጋበት ቅደም ተከተል ነው። የዴልሂ ከተማ አስተዳደር የነጭ ጋዝ ካርድ ያላቸውን ድሃ ቤተሰቦች በመጀመሪያ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ተጠቃሚ አደረጋቸው፤ በ2012 በተጀመረው መርሐ ግብር ሲሊንደሩና ምድጃው በአስተዳደሩ ወጪ ተሰጣቸው። የራሽኑ ነጭ ጋዝ የተቋረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2014 ዴልሂ ከነጭ ጋዝ ነፃ የሆነች የመጀመሪያዋ የህንድ ከተማ ተባለች። ከራሽን ሱቅ የሚወጣ ነጭ ጋዝ ስለሌለ ወደ ቦቴ የሚሄድበት በር ተዘጋ። በአገር አቀፍ ደረጃም ከሜይ 2016 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰብ ሴቶች የማብሰያ ጋዝ የሚያስገባው የኡጅዋላ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽም የራሽን ነጭ ጋዝ ዋጋ በ25 ፓይሳ በ25 ፓይሳ፣ ማለትም በሩብ ሩፒ፣ በየጊዜው ከፍ እንዲል ተደረገ። ጭማሪው በአንድ ጀምበር ቢደረግ ኖሮ ጎዳና የሚያወጣ ቁጣ ይቀሰቅስ ነበር፤ በዝግታ ስለሄደ ግን በ2020 መጀመሪያ ድጎማው ያለ ሁከት ወደ ዜሮ ወረደ።

በኢትዮጵያ ይኸው ችግር በዋጋ ሠንጠረዥ በኩል ከተዘጋ ቆይቷል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ በወጣው የነዳጅ ዋጋ የነጭ ናፍጣና የኬሮሲን፣ ማለትም የነጭ ጋዝ፣ የአዲስ አበባ መሸጫ እኩል 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉት ክለሳዎችም ሁለቱ እኩል ሲሄዱ ታይተዋል። በእኩል ዋጋ የሚሸጥን ነጭ ጋዝ ናፍጣ ውስጥ ለመጨመር የሚደክም ሰው አይኖርም፤ ከቦቴው ሾፌርና ከናፍጣ መኪናው ባለቤት አንጻር መፍትሔው የተሟላ ነው። በዴልሂ ግን የራሽኑ ነጭ ጋዝ ከመቋረጡ በፊት ሲሊንደሩና ምድጃው እቤት ገብተው ነበር። መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት የከተማ ዳርቻ በነጭ ጋዝ ምድጃ የምታበስል እናት በሊትር የምትከፍለው አንድ ከባድ መኪና ከሚከፍለው ጋር እኩል ነው፤ ለእርሷ የታሰበው ሌላ ማብሰያ በዋጋ ክለሳው ሠንጠረዥ ላይ አይታይም።